የሰባት ኢንቹ ታብሌት ዋጋ

በወንድሜ ሱቅ ውስጥ ማንም ሰው ጋሽ ይሁን ሳያዩለት ታብሌት አይገዛም ነበር። ስማቸው አይደለም፤ እኛ ያወጣንላቸው ነው። በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ስልክ የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። ደንበኛ ዕቃ ሲመርጥ ከካርቶኑ ያወጡታል፣ ስክሪኑን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ ያደርጋሉ፣ ካሜራውን፣ ባትሪውን፣ ሜሞሪውን ያያሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «ይሁን» ይላሉ። ያኔ ገዢው እጁን ኪሱ ይከታል። እሳቸው ዝም ካሉ ግን ወንድሜ ቢምል ቢገዘት የሚሰማው የለም። ሽማግሌው ቤት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያላቸው ይቺው መታመን ብቻ ነበረች።

ወንድሜ ሁለት መቶ ባለ ሰባት ኢንች ታብሌት አስጭኖ መጣ። «ትልቁን ታብሌት መግዛት ያቃተው ሁሉ ትንሹን ይሻማል» ብሎ። ወይ መሻማት! ስልኮቹ ራሳቸው አድገው አድገው ታብሌት ሊያክሉ ምንም አልቀራቸውም። ሰዉ ስልኩን ከታብሌቱ ጎን ያስቀምጥና ይስቅብናል። ዋጋ ቀነስን፤ «ምነው ረከሰ? የልጅ መጫወቻ ነው እንዴ?» አሉን።

ይሄኔ ወንድሜ ብልጥ ሆነ። ዋጋውን ከትልቁ ትንሽ ብቻ ዝቅ አድርጎ ሰቀለው። ለዋጋው ምክንያት እንዲሆነው ደግሞ የሚያውቀው ሰው ጋ ወስዶ፣ አሥራ ስድስት ጊጋ የሆነው ሜሞሪ መቶ ሃያ ስምንት ብሎ እንዲያሳይ አስደረገው። ካርቶኑ ላይ አዲሱን ቁጥር የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ በነዚህ እጆቼ። ለጋሽ ይሁን ትንፍሽ አላልንም። ከፍተው ሲያዩት መቶ ሃያ ስምንት ይላል። «ይሁን።» ታብሌቶቹ እንደ ጉድ ተቸበቸቡ። ወንድሜ ምሳ ላይ አፉን ሞልቶ «ሽማግሌው እኮ ነጻ ማስታወቂያ ናቸው!» እያለ ሳቀ። እኔም ጎረስኩ።

በሁለተኛው ወር ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጣች። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ታሞ ሳለ ለልጆቹ እያወራ የተቀረጸውን ቪዲዮ ሁሉ ከተሰነጠቀው ስልኳ ወደ ታብሌቱ አስገልብጣ፣ ስልኩን ሸጣዋለች። የመጀመሪያዎቹ ይከፈታሉ። የቀሩት ስማቸው ብቻ አለ፤ ሲነኩ ጥቁር። ከአሥራ ስድስት ጊጋው በላይ የሆነው ለካ የትም አልገባም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይሁን ብለውኝ እኮ ነው» አለቻቸው። አልጮኸችም። ብትጮህ በስንት ጣዕሙ።

ጋሽ ይሁን ሦስት ቀን ታገሉት፤ ቁጥሩ የውሸት መሆኑንም ደረሱበት። ቪዲዮዎቹን መመለስ ግን አልሆነም። ስፌት ቤቷ ድረስ ሄደው «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፤ ቁጥሩን አይቼ ከማመን፣ ሜሞሪውን ሞልቼ መፈተሽ ነበረብኝ» አሏት። «የኔ ነው» አሉ እኮ! ያ የእናቴ ልጅ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ተዘርፍጦ ጥርሱን ይጎረጉራል። አስጠላኝ። እህቱ መሆኔ ራሱ አስጠላኝ።

ከስፌት ቤቱ ሲመለሱ አልተቀመጡም። መፍቻዎቻቸውን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቀለሉ። «ከእንግዲህ እኔን አምኖ የሚገዛ ሰው የለም፤ ሊኖርም አይገባም» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኧረ እኔ ምኑን አውቄ፣ ጋሼ!» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ይቅር በይኝ ልጄ፤ አንቺንም ጠረጠርኩሽ» አሉኝና ወጡ።