የአባቴ ዓይን ባለበት ያስቀመጥኩት ካሜራ

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬ ፀሐይ የአባቴን ዓይን እየወጋችው እንደሆነ ነገረኝ። አባቴን ከቀበርን ገና ወር አልሞላንም።

በሕይወት ሳለ የአሰላ ቤታችንን መስኮት በሰፊው እየነደፍኩለት ነበር፤ ተቀምጦ የጭላሎን ተራራ እንዲያይ። ግን ዓይኑ ላይ ሞራ ስለነበረበት የጠዋት ፀሐይ አትስማማውም። ቤት ውስጥ ኮፍያ አድርጎ ሻይ የሚጠጣ ሰው፣ አላህ ይዘንለትና፣ እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

ቤት የምነድፍበት ሶፍትዌር ብርሃኑን የሚፈትሸው በምስል ነው። በንድፉ ውስጥ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ፣ በዓይኑ ቁመት ልክ የምናብ ካሜራ ታስቀምጣላችሁ፤ ዓይን የሚወጋውን ብርሃን ቢጫ ቀብቶ ያሳያችኋል። እኔ ያስቀመጥኩት በአባቴ ወንበር ላይ ነበር።

ዛሬ ሥራውን ልጨርስ ብዬ ፍተሻውን ሳስኬድ መስኮቱ በሙሉ ቢጫ ሆኖ ወጣ። እንደለመድኩት መከለያ ልጨምርበት ስል፣ ለካ እማዬ ከኋላዬ ቆማ ታያለች።

«ቢጫው ምንድነው?»

«ፀሐይ ናት እማ። እዚያ የሚቀመጠውን ሰው ዓይን ትወጋለች።»

ዞር ብላ ወንበሩን አየችው።

«ተዪያት ትግባ» አለች። «አሁን ማንን ልትወጋ ነው?»

መከለያውን ተውኩት። ካሜራውን ማንሳት ግን አቃተኝ።

እናንተ ቤት፣ የሄደው ሰው ቦታ ላይ ማን ይቀመጣል? እኛ ቤት እስካሁን ማንም።