የወንድሜ የብረት እጅ

ጎረቤቴ ያለው ልብስ ሰፊ ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናውን ዘይት ሲያጠጣ ሽታው በመስኮቴ ይገባል። ቀጭን ሽታ ነው፣ ሌላ ሰው ልብም አይለውም። እኔን ግን እስከ ዛሬ አንገቴን ይቀዘቅዘኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ያደግኩት ቴፒ ነው። በደርግ መጨረሻ ዓመታት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባታችን ሞቷል፤ እናታችን ገበያ ላይ ጨውና ሳሙና ትቸረችራለች። አንድ ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር፤ ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

በዚያ ክረምት ከጅማ የመጣ ነጋዴ የቡና መጋዘኑን ግማሽ ባዶ አድርጎ ቪዲዮ ማሳየት ጀመረ። መስኮቶቹን በጆንያ ጋረደ፣ አግዳሚ ወንበር ደረደረ፣ ጄኔሬተሩን ከጓሮ አስነሳ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እኔና የጎረቤታችን ልጅ ወንዝ ልብስ ልናጥብ ነው ብለን ሹልክ አልን። ውስጡ ከነገለባው የደረቀ የጀንፈል ቡናና የረጠበ ልብስ ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የፊልሙ ድምፅ አይሰማም፤ ቢሰማም እንግሊዝኛ ነው። ምስሉ ግን በቂ ነበር። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ እጁን ማሽን ይቆርጠዋል። ሐኪሞች የብረት እጅ ይሠሩለታል። መጀመሪያ ቤተሰቡ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ እያደር ግን እጁ ለሰውየው አልታዘዝ ይላል። ሰውየው እያለቀሰ፣ በደህናው እጁ ወደ ኋላ እየጎተተው፣ ብረቱ የሚስቱን አንገት ያዘ። ዓይኗ እንደፈጠጠ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ጠፋ። ነጋዴው የቀረውን ሌላ ጊዜ ታዩታላችሁ ብሎ በሩን ከፈተልን። እጅ ለእጅ ተያይዘን እስከ ቤት ሮጥን።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ወንድሜ ከሚዛን ከመጣ የጭነት መኪና ላይ ወረደ። እናቴ እልል ማለት ጀመረችና መሐል ላይ ድምፁ ለቅሶ ሆነ። እኔ ሮጬ ሄጄ ወገቡን አቀፍኩት። ጀርባዬን ሲያቅፈኝ አንደኛው እጅ ከበደኝ፤ በቀሚሴ አልፎ ቀዘቀዘኝ። ቀና ስል ከእጅጌው ጫፍ ሁለት የብረት ጣቶች ወጥተዋል።

ከክርኑ በታች የነበረው እጁ ሰሜን ቀርቷል። ብረቱ በቆዳ ማሰሪያ ትከሻው ላይ ይታሰራል፤ ትከሻውን ሲነቀንቅ ጣቶቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ተቀምጦ የስፌት መኪና ዘይት ይቀባዋል። ሳህን ሲነካ ቀጭ ይላል። ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ከማዕዱ ፈቀቅ እላለሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ስለነበር ሲተኛ አውልቆ ግድግዳው ላይ ያለ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል፤ እኔ ደግሞ ብርድ ልብሱን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ነበር የምተኛው። እናቴ ሙቀት ነው፣ ምን ሆነሻል ትለኛለች። ብርድ ብርድ ይለኛል እላለሁ። ለማን ልናገር? ፊልም ቤት መግባቴን ብታውቅ አትምረኝም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዝናቡ አባርቶ ግቢ ውስጥ ቡና አሰጣለሁ። ጎንበስ እንዳልኩ ከኋላዬ ዘይቱ ሸተተኝ፤ ወዲያው ብረቱ አንገቴን ነካኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የራሴን ድምፅ ነው።

«እማዬ፣ ሊያንቀኝ ነው!»

ጎረቤት ተሰበሰበ። ወንድሜ ካለበት አልተንቀሳቀሰም። በብረቱ ጣቶች መሐል አንድ ጥቁር ፀጉራም አባጨጓሬ ይንፈራገጣል፤ ከኮሌታዬ ላይ ያነሳው ነው። ማንንም አላየም። አባጨጓሬውን አጥሩ ሥር ጣለና ቤት ገባ። እጁን አውልቆ በጆንያ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስገባው።

አራት ቀን ያለ እጅ ተቀመጠ። እናቴ እንጀራውን ቆርሳ ስታቀርብለት ፊቱን ያዞራል። እኔን አልተቆጣኝም፤ መቆጣቱ ይሻለኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን የጎረቤታችን ልጅ የፊልሙን ነገር ነገረችው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ብረቱን አሰረና ጠራኝ።

«ነይ፣ አብረን እንየው» አለኝ።

እንቢ ማለት አልቻልኩም። ነጋዴው ወንድሜን ሲያይ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠንና ያንኑ ፊልም ከፈተልን። ማሽኑ የሰውየውን እጅ የሚቆርጥበት ጋ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጭኔ ላይ የሆነ ከባድ ነገር ሲያርፍ ዓይኔን ገለጥኩ። ወንድሜ እጁን አውልቆ ጭኔ ላይ አስቀምጦታል።

«ያዥልኝ» አለኝ በጆሮዬ። «አንቺ ከያዝሽው የትም አይሄድም።»

ቆዳው በላብ ርሷል። በሁለት እጄ ያዝኩት። ያልታየኝ ነገር ያን ጊዜ ታየኝ፤ ወንድሜ ይንቀጠቀጣል። ብረቱ የሴትዮዋን አንገት ሲይዝ፣ እሷ ስታጣጥር፣ የወንድሜ ደህና እጅ ክንዴን እስኪያመኝ ጨመቀው። ፊልሙ ሳያልቅ ተነሳ።

«ይበቃናል» አለ።

ውጪ ካፊያ ነበር። የቡና እርሻውን አጥር ይዘን ስንሄድ ብረቱን ታቅፌዋለሁ። ቤት ልንደርስ ስንል፣ «ጋሼ፣ ይሄም አንድ ቀን አልታዘዝህ ይላል?» አልኩት።

ቆመ። በደህናው እጁ ከፊቱ ላይ ዝናቡን ጠረገ።

«ሰው የገደለው ያ የሄደው እጄ ነው» አለኝ። «ይሄ ካንቺ አባጨጓሬ ሌላ ምንም ነክቶ አያውቅም። አትፍሪው።»

ከዚያ ወዲያ ብረቱን ፈርቼ አላውቅም። ማሰሪያውን ጠዋት ጠዋት የማስርለት እኔ ሆንኩ። ፍርሃቴ ግን አልጠፋም፣ ቦታ ለወጠ። አንዳንድ ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ወደሌለው እጁ አፍጥጦ ሳገኘው የምፈራው ለእሱ ነበር። ስለ ሄደው እጁ ዳግም አላነሳልኝም፤ እኔም ልጅ ነበርኩና አልጠየቅኩትም። ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ቢሆን ኖሮ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንዲነግረኝ እጠይቀው ነበር።