ሳጥን ውስጥ ሳጥን

ፈትያ በምታስተናግድበት የፒያሳ ካፌ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ሰውዬ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቀመጣል። ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ ነው፤ አንድ ቁልፍ ግን ዘሎ ነው የቆለፈው። ማኪያቶው ሳይነካ ይቀዘቅዛል። ላፕቶፑ ላይ ያፈጥና ሶፍት ላይ ሳጥን ይስላል፤ ሳጥኑ ውስጥ ሌላ ሳጥን፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ። ስልኩ ሲጠራ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም "ደም የተሰጠው ሰው አለ?" ይላል።

ዛሬ ውሃ ስታቀርብለት የገፋ ሆዷን አየና እስኪርብቶውን አስቀመጠ።

"እህቴ፣ የደምሽን ዓይነት ታውቂያለሽ?"

"ለምን ጠየቁኝ?" አለች ክው ብላ።

ሶፍቱን ወደ እሷ ገፋው። "ኤክስኤምኤል የሚሉት የኮምፒውተር ፋይል እንደዚህ ነው። ትልቁ ሳጥን ሰነዱ፣ ውስጡ ታካሚዋ፣ እሷ ውስጥ የደሟ ውጤት። እዚህ ካፌ ጀርባ ላለው ክሊኒክ ውጤቱን የሚያትመውን ቅጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ደሙን ከየታካሚዋ ሳጥን ፈልግ ማለት ሲገባኝ፣ ከሰነዱ አናት ጀምር አልኩት። ስም አይሳሳትም፤ ደም ላይ ሲደርስ ግን ለሁሉም የመጀመሪያዋን ታካሚ ውጤት ያትማል። ቅጹን አርሜዋለሁ። ሰው እጅ የገባውን ወረቀት ግን ከየት ልሰብስበው?"

"የመጀመሪያዋ ታካሚ ደም ምን ነበር?"

"ኦ ፖዘቲቭ።"

የፈትያ እጅ ሳታስበው ወደ ሆዷ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ለእርግዝና ክትትል እዚያው ክሊኒክ ሄዳ የተሰጣት የደም ውጤት ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ማውጣት አላስፈለጋትም፤ ምን እንደሚል በቃሏ ታውቀዋለች።