ሊያጽናኑ የመጡ

ዛሬ በባሌ ለቅሶ አንዲት ለቀስተኛ ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ልጅ እንኳ ሳይተውልሽ ሄደ!» ስትለኝ፣ አምቦ ተማሪ ሳለሁ ባሏ የሞተባት አክስቴ ትዝ አለችኝ። መምህራችን «አግራቬት» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩ ብሎን ነበር። ትርጉሙ ማባባስ መሆኑን ለአክስቴ ስነግራት፣ በዕንባ የራሰ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ፣

«ጻፊ! ኦቦ ገመቹ ሊያጽናኑኝ መጥተው፣ ‹የባልሽ ፊት ድሮም አላማረኝም› ብለው ሐዘኔን አባባሱት» አለችኝ።

ጻፍኩት። መምህሩ ግን ሰረዘብኝ።

«ትልቅ ሰው አይነካም፤ ስለ ራስ ምታት ጻፊ!»

እኔም ይኸው ውስጤ እየነደደ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ሴትዮዋ ስትነሣ ሌላዋ ቦታዋን ያዘች። እጄን እያሻሸች በዝግታ ጠየቀችኝ፦

«ለመሆኑ ቶሎ ሐኪም ቤት ወስደሽው ነበር?»