ጆሮ ያላቸው ብሮች

ጠገራ ብር የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ንጹሕ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ንጹሕ ማለት ያልተበሳ፣ ያልተጫረ፣ በላዩ ያለችው የውጭ አገር ንግሥት ፊት ቁልጭ ብሎ የሚታይ፣ የትከሻዋ ጌጥ ፈርጦች አንድ በአንድ የሚለዩበት ማለት ነው። ከአዲስ አበባ እየመጡ ቆቦ ገበያ ላይ የሚገዙትን አውቃቸዋለሁ። አጉሊ መነጽራቸውን ደቅነው ያገላብጡታል፤ ጆሮ ካዩበት ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ይመልሱታል። ለእነሱ የተበላሸ ዕቃ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልግ የኖርኩት ያንኑ የተበላሸውን ነው።

ጆሮ የምንለው አንጥረኛው በብሩ ጫፍ ላይ የሚበይደውን ትንሽ የነሐስ ቀለበት ነው። በራያ ቆላ ጠገራ ብር ገበያ ላይ መገበያያነቱ ከቀረ በኋላም ከሴት አንገት አልወረደም። እናት በጆሮው ጥቁር ክር አስገብታ ልጇ ስትዳር ታስርላታለች። ከዚያ በኋላ ውሃ ስትቀዳ፣ ማሽላ ስትቆርጥ፣ ልጅ ስታጠባ ብሩ ደረቷ ላይ ሲፈተግ ይኖራል። ላብና ቆዳ ዓመት ከዓመት ሲያሸው በመጀመሪያ የንግሥቲቱ አፍንጫ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ዓይኗ፣ በመጨረሻ ፊት የነበረበት ቦታ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። በጀርባው ያለው አሞራ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ወደ ውጭ የሚዞረው እሱ ስለሆነ።

እንጀራዬ የከብት ሕክምና ነው። ገበሬው ዶክተር ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ግን ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያለውን ቀበሌ በሞተር ሳይክል ስዞር ስኖር እኔም አላረምኳቸው፣ እነሱም አልጠየቁኝ። የብር ፍቅር የያዘኝ ከዋጃ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር ውስጥ ነው። ላሟ ምጥ ይዟት የነበረች አንዲት አሮጊት፣ ጥጃው በሰላም ሲወጣ ልታመሰግነኝ ጎንበስ ስትል ብሩ ከቀሚሷ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ሁለቱም ገጹ ጠፍቷል። እጄን ሳልታጠብ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። አሮጊቷ አየችኝና ሳቀች። ከእናቷ እንደወረሰችው፣ እናቷም ከእናቷ እንደወረሰችው ነገረችኝና መልሳ ወደ ቀሚሷ ከተተችው። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ከሴት አንገት ላይ ብር አልጠይቅም፣ ራሱ ገበያ የመጣውን ብቻ እገዛለሁ አልኩ።

ሌሎች ሰብሳቢዎች ሳንቲማቸውን በዓመት ይደረድራሉ። ጠገራ ላይ ያ አይሠራም፤ በየትኛውም ዘመን ይመታ፣ የተጻፈበት ዓመት ያው አንድ ነው። ስለዚህ እኔ በጥፋቱ ደረደርኩት። አናጢ ባሠራሁት ባለ መሳቢያ ሣጥን ውስጥ ላይኛው ረድፍ ላይ ጥቂት ንጹሖች አሉ፤ እነሱን የገዛሁት ገና ሳልበስል ነው፣ ያኖርኳቸውም ለማነጻጸሪያ ነው። ከእነሱ በታች አፍንጫዋ የሳሳ፣ ቀጥሎ ዓይኗ የደበዘዘ፣ እንዲያ እያለ ሄዶ ታችኛው ረድፍ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ማን አንገት ላይ እንደነበረና ከየት መንደር እንደመጣ ሳልጠይቅ የገዛሁት የለም፤ ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ «ሰው የጣለውን ለቃሚ» እያለች ታሾፍብኛለች። ልጄ ግን ትወደው ነበር። ከትንሽነቷ ጀምሮ መሳቢያውን ስስብ አጠገቤ ቁጢጥ ትላለች፤ አዲስ የመጣውን በአውራ ጣቷ ዳስሳ የት ረድፍ እንደሚገባ ትነግረኛለች። ስትሳሳት አላስታውስም። ያለችን እሷ ብቻ ናት።

ብሩን የሚያገኝልኝ ገበያው ጥግ ላይ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ነው። ጆሮ ያለው ሲመጣለት ሳያቀልጥ ያስቀምጥልኛል። በፊት በዓመት አንድ ከመጣ ትልቅ ነገር ነበር፤ ለሳምንት ያህል ፊቴ ሲፈካ ይከርማል። ጦርነቱ ካለፈብን በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ ገበያ ቀን ሦስት አስቀምጦ ጠበቀኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ እየፈነደቅኩ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። በሚቀጥለው ገበያ አምስት እንዳስቀመጠልኝ ሲነግረኝ ግን ደስታዬ ቆመ።

የአንገት ብር እንዲህ በቀላሉ አይሸጥም። ክፉ ቀን ሲመጣ ፍየሎቹ ይሄዳሉ፣ በሬው ይሄዳል፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሳይቀር ይነቀላል፣ ብሩ ግን አንገት ላይ ይቆያል። እኔ ደግሞ በሬውን መርፌ የምወጋ ሰው ነኝ። በየቤቱ በረት ውስጥ በሬዎቹ ቆመዋል። ታዲያ ብሩ ምን ሆኖ ነው በሬውን የቀደመው ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኩት።

«ልጆቹ እየሄዱ ነው፣ ዶክተር» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ከዚያ በዝግታ አስረዳኝ። በሬ የባል ነው፤ ሲሸጥ ምክር አለው፣ ጎረቤት ያየዋል። ብር ግን የእናት ነው፤ ማንንም ሳታማክር የምትሸጠው ነገር እሱ ብቻ ነው። ልጇ በአፋር በረሃ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳውዲ ልግባ ብሎ ሲያስጨንቃት፣ አባቱ እንዳይሰማ ብላ ብሩን ታመጣለች። ሽማግሌው ይህን ሁሉ የሚያውቀው ከክሩ ነው አለኝ። ክሩ ቋጠሮው ተፈትቶ የመጣ ከሆነ ልጁ ገና ሊነሳ ነው። ክሩ በመቀስ ተቆርጦ የመጣ ከሆነ ደግሞ ስልክ ተደውሏል ማለት ነው፤ ልጁን መንገድ ላይ አግተውታል፣ ድምፁን አሰምተዋታል። ስልክ የተደወለላት እናት ቋጠሮ ለመፍታት እጇ አይታዘዝላትም። ይህን ብሎ ያስቀመጠልኝን አምስት ብር ከነክራቸው አወጣልኝ። የሁሉም ክር ተቆርጧል።

ገዛኋቸው። ካልገዛኋቸው ያቀልጣቸዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እውነትም ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ መሳቢያውን ስስብ የማየው ብር ብቻ መሆኑ ቀረ። ማታ ማታ ልጄ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ስትስቅ ልቤ ይደነግጣል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም፤ ከክፍሏ የመጣለትስ ማን ነው። ቤት ከዋለች ወዲህ ጓደኞቿ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። አንዷ ትናንት ባጃጅ ውስጥ ታየች ትባላለች፣ በሳምንቱ ስሟ ይቀየርና «ያቺ የሄደችው» ትሆናለች። እኔ ደግሞ መሸሸግ አልችልበትም፤ ፊት ለፊት «አንቺም ልትሄጂ ነው?» አልኳት። «የት እሄዳለሁ አባ» አለችና ሳቀች። ወልድያ የግል ኮሌጅ እንደማስገባት ነገርኳት። እሺ አለች። እሺታዋ ፈጠነብኝ፤ ያኔ ግን ደስ ነው ያለኝ።

አንድ ቀን ክሩ የተቆረጠ ብር ይዤ ገባሁ። ልጄ እንደልማዷ ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ከታች ሁለተኛው ረድፍ አለች። ከዚያ ወደ መብራቱ አስጠግታ ጆሮውን አየች። ጆሮው ሁለት ጊዜ ተሰብሮ የተበየደ ነው። የማን እንደሆነ ታውቃለች፤ አብራት የተማረች ልጅ እናት ናት። አስቀመጠችውና መሳቢያውን ራሷ ገፋችው።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ንጹሖቹ መጠየቅ የጀመረችው። የአዲስ አበባዎቹ ሰዎች የትኛውን ይወስዳሉ፣ ምኑን አይተው ይመርጣሉ፣ ጆሮ የሌለውና ያለው ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ሰብሳቢ ሲጠይቁት የሚሆነውን ታውቃላችሁ። እራቴን ረስቼ አስተማርኳት። የትከሻዋን ጌጥ እንዴት እንደሚያዩ፣ የአሞራውን ጅራት ላባ እንዴት እንደሚለዩ፣ የጠርዙን ጽሑፍ እንዴት በጥፍር እንደሚዳስሱ፣ ዋጋ ሲነሳም ዝም ማለት እንደሚሻል ሳይቀር ነገርኳት። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ምግቡ በረደ ትላለች። እኔ ልጄ የእኔን ነገር ልትወርስ ነው ብዬ በደስታ አልሰማሁም።

ለአባ ሰንጋ ክትባት ከጎብዬ በስተምሥራቅ ወደ ቆላው ወርጄ የተመለስኩ ቀን ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ልጃችን ዋጃ ለቅሶ ልድረስ ብላ ወጥታለች፤ ስልኳ ዝግ ነው። ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ ድምፁ የሷ አልመስል አለኝ። ሞተሩን ሳላጠፋ ወደ ውስጥ ገባሁና መሳቢያውን ሳብኩት። ላይኛው ረድፍ ባዶ ነው። ከሱ በታች ያሉት ጆሮ ያላቸው ሁሉ በየቦታቸው ናቸው፤ አንድም አልተነካም። ማንም ሌባ እንደዚያ አይመርጥም። ወደ ዋጃ በረርኩ፤ መናኸሪያውን፣ ባጃጆቹን፣ ለቅሶ የተባለበትን ቤት ሁሉ ጠየቅኩ። ለቅሶ የለም። ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን መንገድ እያየሁ ዳር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰው ያየኛል አላልኩም።

ስልኩ የተደወለው ከሳምንታት በኋላ፣ በቀትር፣ ምሳ ቀርቦ ነው። ቁጥሩ የውጭ ነው። መጀመሪያ አማርኛው የሚሰባበር አንድ ወንድ የፈለገውን ገንዘብና የሰጠንን ቀን ተናገረ። ከዚያ እሷን አቀረቧት።

«አባ» አለችኝ፣ «ፊት ያላቸውን ብቻ ነው የወሰድኩት። ጆሮ ያላቸውን አልነካሁብህም።»

ይህን ነው ያለችኝ። በዚያ ቦታ ሆና ስለ እኔ ብር ነው ያሰበችው። ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ እሱን አልጽፈውም። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ስትነጥቀኝ መስመሩ ተቋርጧል።

ያለንን ሸጥን። ዘመድ አዋጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር አዋጣ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከመስጊድ ሰብስበው አመጡልን። አልሞላም። ንጹሖቹ ቢኖሩ የአዲስ አበባዎቹ ዓይናቸውን ሳያሹ ይወስዷቸው ነበር። የቀሩት ግን የተበላሹት ናቸው፤ ስልክ ደውዬ ስነግራቸው ፎቶ እንኳ ላክ አላሉኝም። ፊት የሌለው ጠገራ የሚፈለገው በሚዛን ነው፤ ቀልጦ ቀለበትና መስቀል ሊሆን ነው። መሳቢያውን ከነሣጥኑ አንስቼ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ።

ሣጥኑን እንዳየ ገባው። ከሰሉን አራገበ፣ መቁረጫውን አነሳ። ነሐሱ አብሮ ከቀለጠ ብሩን ስለሚያበላሸው ጆሮው አስቀድሞ መቆረጥ አለበት። መሳቢያውን ፊቱ አስቀመጥኩት።

«የቱን ልጀምር?» አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የማውቅበት ነገር ቢኖር መምረጥ ነው። ከላይ ልጀምር ብል ገና ፊታቸው በከፊል የሚታይ ብሮች ይሄዳሉ። ከታች ልበል ብል የጠፉት፣ የምወዳቸው ናቸው። ዓይኔ አልቆም አለኝ።

«አንቱ ይምረጡ» አልኩት።

ከመካከል አንዱን አነሳና ጆሮውን ቆረጠው። ሳላስበው አፌ መናገር ጀመረ፤ ይህቺ የጎብዬዋ ናት፣ ወንድ ልጇ ነው የሄደው አልኩ። ሁለተኛውን ሲቆርጥ ይህቺ ከዋጃ በላይ ናት፣ መንታዎቹ ናቸው አልኩ። ጆሮው አንድ በአንድ እየወደቀ፣ እኔ የእያንዳንዷን እናት መንደርና ልጅ እየጠራሁ፣ ከሰሉ እየቀላ ግማሽ ደረስን። ሁለት ጊዜ የተበየደውን ሲያነሳ ያቺ የልጄ ጓደኛ እናት ናት ልል ፈለግሁና ሌላ ጥያቄ አፌን ቀደመው። እነዚህ ሴቶች ሁሉ ብራቸውን ያመጡት እሱ ጋ ነው፤ ሁሉንም እሱ ያውቃቸዋል።

«ከእነዚህ እናቶች ልጇ የተመለሰላት አለች?»

ሽማግሌው እጁን አቆመ። መሳቢያውን ረድፍ በረድፍ አየው፣ ባዶ የሆኑትን ቦታዎች ጭምር። አንዱን ብር አነሳ፣ በጣቱ አሻሸው፣ መልሶ አስቀመጠው። ሌላ አነሳ፣ እሱንም መለሰው። እስከ ታችኛው ረድፍ ድረስ እንዲያ ሄደ።

«አላህ ያውቃል» አለኝ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሳያጋጥም። «የቀሩትን አቀብለኝ።»

አቀበልኩት።