በጣሪያው መውጣት

ወንድሜ ታስሮ ሳለ እሁድ እሁድ ከአቃቂ ስንቅ አመላልስለት ነበር። ወሬ ሲያልቅብኝ፣ በእሱ ኮምፒውተር ስለምጫወተው ጌም አነሳለታለሁ። የመሬትን ስበት ወደፈለግክበት እያዞርክ ከተቆለፈ ቤት የምትወጣበት ጌም ነው፤ መጨረሻውም ሁለት ዓይነት ነው።

አንድ እሁድ በጠያቂው ጫጫታ መሃል «ግድግዳውን ወለል አድርጌ በጣሪያው ወጣሁ!» ብዬ ጮህኩለት።

ጠባቂው ዘሎ መጣ። «ማነው በጣሪያ የሚወጣው?»

«ኧረ ጌም ነው!» ብንለው ማን ይስማን! አባረረኝ። ሳስበው ዛሬም ያበግነኛል።

በሳምንቱ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላኛው መጨረሻስ?» አለኝ።

«ገና አልደረስኩበትም» አልኩት።

ደርሼበታለሁ። በሩ ይከፈታል፤ ስትገባ ግን መጀመሪያ የተቆለፈብህ ክፍል ነው።