ከመድፍ ቀለህ የሠራሁት የዘይት ዕቃ

እኔ ስፈራ እጮሃለሁ። ስቆጣ ያየኝ ሰው ሁሉ ኃይለኛ ይመስለዋል፤ የቤቴ ሰዎች ግን ያውቁኛል፣ «ምን አስደነገጠህ?» ነው የሚሉኝ። በዚያ ሳምንት ደብረ ታቦር ጋራዥ ውስጥ ያልጮህኩበት ሰው፣ ያልረገምኩት መፍቻ አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ የገበሬዎች ማኅበር የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ማዳበሪያ ሽቅብ ያመጣሉ፣ እህል ቁልቁል ያወርዳሉ። የመኪናዋ ሞተር አንድ ቀን ነክሶ ቀጥ አለ። ማኅበሩ ከሌላ ከተገለበጠ መኪና የተነቀለ ሞተር ፈልጎ አመጣና፣ መካኒኩ እኔ ነኝና፣ ግጠም ተባልኩ። ሞተሩን ለማስገባት አሥር ቀን ፈጀብኝ። ገባ፤ ተነሣም። የጎደለው ኢድሮጊዳው ነበር።

ኢድሮጊዳ መሪን በዘይት ግፊት የሚያቀልለው ነገር ነው። ፓምፑ ከአዲሱ ሞተር ጋር መጥቷል፤ ዘይቱ የሚቀመጥበት ዕቃ ግን መኪናው ሲገለበጥ ተጨፍልቆ ቀርቷል። የድሮው ደግሞ ከድሮው ፓምፕ ጋር አንድ አካል ስለነበር አይገጥምም። ባሕር ዳር ተጠየቀ፣ የለም። አዲስ አበባ ተጻፈ፣ መልስ የለም።

«ያለሱ ትሂዳ!» አለ የማኅበሩ ሊቀመንበር። «ድሮ በጉልበት አልነበር እንዴ የሚነዳው?»

ለእሱ ምን አለበት! የአባቴ ቀኝ ትከሻ ከዓመታት በፊት ጎማ ሲያወርዱ ወልቆ ወጌሻ የመለሰው ነው። እጃቸውን ከጆሯቸው በላይ አያነሡም፤ ይህን ደግሞ ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ያለ ኢድሮጊዳ ያቺን መኪና በወረታ ቁልቁለት የሚያወርድ ትከሻ የላቸውም። ሊቀመንበሩ ይህን ያወቀ ዕለት መሪውን ለሌላ ይሰጣል። አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ ከመሪው ካወረዷቸው ቤት ተቀምጠው የሚከርሙ ሰው አይደሉም።

«እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

በምን እንደምሠራው እንኳ አላሰብኩም ነበር። ከጋራዡ ጀርባ ያለው ደብር አገልጋይ መሪጌታ ናቸው ከጭንቅ ያወጡኝ። ደወል ይሆናል ተብሎ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ድምፁ አላምር ያለ የመድፍ ቀለህ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጥሎ ነበር። «ለቅዳሴ ያልጠራ ለመኪና ይሁን፤ ውሰደው» አሉኝ። ቀለሁን ተሸክሜ ጋራዥ ስገባ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «የጋፋት ዘር! እነዚያ ብረት አቅልጠው መድፍ ሠሩ፣ አንተ ደግሞ መድፉን የዘይት ቅል ልታደርገው ነው?» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሬ እስቅ ነበር። ያን ቀን መዶሻ አንሥቼ አባረርኳቸው።

የቀለሁን ነሐስ ከአንድ ስንዝር ትንሽ አስበልጬ ቆረጥኩት። ከታች ወደ ፓምፑ የሚወርድ፣ ከጎን ደግሞ ዘይቱ የሚመለስበት የመዳብ ቱቦ አስገባሁለት። እሳቱ ነሐሱን እንዳያበላሽብኝ ፈርቼ በብየዳ ፋንታ በቀለጠ እርሳስ አያያዝኩት። ክዳኑን በጥርስ እየዞረ የሚጠብቅ አደረግኩና ከሥሩ በሰም ያሸሁት የቆዳ ቀለበት ጨመርኩበት። ከዚያ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሬ አንዱን ቱቦ ደፍኜ በሌላው በኩል ነፋሁበት። ከመጋጠሚያው አረፋ የለም፣ ከክዳኑም አረፋ የለም። ጉንጬ እስኪያመኝ ነፋሁ፤ አንዲት አረፋ እንኳ!

ኮራሁ። አዎ፣ ኮርቻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

አባቴ ግቢ ውስጥ መሪውን በግራ እጃቸው ብቻ ወዲያና ወዲህ አዙረው ሞከሩትና ከት ብለው ሳቁ። «ጠብ አይልም?» አሉኝ። «አባዬ፣ ጠብ ካለ ስሜን ይቀይሩልኝ!» አልኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ጤፍ ጭነው፣ ሊቀመንበሩን ጋቢና አስቀምጠው በወረታ በኩል ወደ ባሕር ዳር ወረዱ።

እኔ ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ። የጽዋ ማኅበር ልትደግስ ነውና አግዳሚ ወንበር ላመላልስላት ነበር። የመጀመሪያውን ወንበር ተሸክሜ ገና ደጃፉን ሳልፍ ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። የጠላው ጋን ምርጊቱን ፈንቅሎት ድፍድፉ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። አክስቴ ምራቷ ላይ ጮኸች።

«አንቺ ልጅ! እስከ አፉ ሞልተሽ ትመርጊዋለሽ እንዴ? የሚፈላ ነገር በየት ይተንፍስ?»

ወንበሩን እግሬ ላይ ጣልኩት። አላመመኝም።

ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። ከፓምፑ እየተገፋ፣ መሪው ጋ ደርሶ እየተመለሰ፣ በቁልቁለቱ ጥምዝ ሁሉ እየተመላለሰ ይግላል። ለዚህ ነው የዘይት ዕቃ ክዳን ላይ ሁልጊዜ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ የምትኖረው። ስንቱን ክዳን ፈትቼ አጥቤያለሁ፣ ስንቱን ቀዳዳ በሽቦ ጠርጌያለሁ! የራሴን ስሠራ ግን ያሰብኩት ስለ አቧራና ስለ ፍሳሽ ብቻ ነበር። የእኛ አገር ሰው መምረግ ይወዳል፤ ጎተራውን ይመርጋል፣ ቀፎውን ይመርጋል፣ ጋኑን ይመርጋል። እኔም እንደ አገሬ ሰው መረግኩት። ግቢ ውስጥ ስንሞክረው አልሞቀም፤ ስለዚህ ችግሩ አልታየንም። አሁን ቁልቁለቱ ላይ ይሞቃል፣ እርሳሴ ይለቃል፣ መሪው ድንጋይ ይሆናል፤ አባቴ ደግሞ ያን ድንጋይ የሚያዞሩበት ትከሻ የላቸውም።

ወደ ስልክ ቤት ሮጥኩ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዓለም በር ላይ ስልክ አለ፤ «መኪናዋን አቁሙልኝ» ቢባሉ ያቆሟታል። ስልከኛዋ «ማንን ላገናኝህ? መልእክቱስ ምንድን ነው?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ሰልፍ ላይ የቀበሌው ካድሬ ቆሟል። በዚያው ዓመት የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ የወፍጮው ቀበቶ ተበጠሰበትና «አሻጥር ነው» ተብሎ ታስሮ እስከዚያ ቀን አልወጣም ነበር። እኔ ምን ልበል? «በሕዝብ ንብረት ላይ የገጠምኩት ዕቃ ሊፈነዳ ነው» ልበል?

«ተይው» አልኳት። «ተይው፣ ሌላ ጊዜ።»

አባቴ ወደ ቁልቁለቱ እየነዱ ናቸው፤ እኔ «ሌላ ጊዜ» ብዬ ወጣሁ! እግዚኦ።

ወደ ወረታ የሚወርድ እንጨት የጫነ መኪና አገኘሁና ላዩ ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ የተረገመ ቀርፋፋ ነው፤ እጁን ያወጣ መንገደኛ ሁሉ ጋ ይቆማል። ጣሪያውን እየደበደብኩ «ንዳው እንጂ፣ ንዳው!» እለዋለሁ። «ምን ሆነሃል ወንድሜ? ሰው ሞቶብህ ነው?» አለኝ አንገቱን አውጥቶ። ጣሪያውን እንደገና ደበደብኩት። ጥምዝ ላይ በደረስን ቁጥር ተነሥቼ ገደሉን ቁልቁል አያለሁ፤ ምንም ሳላይ ስቀር ቁጭ እላለሁ፤ ሌላ ጥምዝ ይመጣል። «እመቤቴ፣ ትከሻቸውን፣ ትከሻቸውን ብቻ» እላለሁ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። አንድ ቦታ ሰዎች ገደል አፋፍ ላይ ተሰብስበው ቁልቁል ሲያዩ አንገቴን አስግጌ አየሁ። በሬ ነው የገባው። ባለቤቱ ጭንቅላቱን ይዞ ያለቅሳል፤ እኔ ደግሞ «ተመስገን!» አልኩ። ያ ሰውዬ ሰምቶኝ ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ከዓለም በር አልፈን ቁልቁለቱ መሀል ስንደርስ መንገዱ ላይ የዘይት መስመር አየሁ። መጀመሪያ ጠብታ ነበር፤ ከዚያ ወፍራም ሆነ፤ ቀጥሎ ጭራሽ ጠፋ። ጠፋ ማለት አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ቦታ እስከ ሜዳው ድረስ ስድስት ጥምዝ ቆጠርኩ።

መኪናዋ ሜዳው ላይ የፍተሻ ኬላ አጠገብ ቆማለች። ኮፈኗ ተከፍቷል፣ ጭስ ይወጣል። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በነጠላቸው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ስድስቱን ጥምዝ በዚያ ትከሻ አዙረውታል። ከእንጨቱ ላይ ዘልዬ ወረድኩና እግራቸው ሥር ወደቅኩ። «አባዬ፣ ደኅና ነዎት?» ስላቸው «ዝም በል» አሉኝ በሹክሹክታ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

ሊቀመንበሩ ከሁለት የኬላ ጠባቂዎች ጋር መጣ። እሱም ሞትን ቅርብ አይቷልና ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ይኸው ባለሙያው! ይኼ ስህተት ነው ወይስ አሻጥር? ተናገር እንጂ!»

አባቴ በግራ እጃቸው ድንጋዩን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጁን ተወው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉት። «ዘይቱ አየር ይፈልጋልና ክዳኑን አላልተው ይግጠሙት ብሎኝ ነበር። እኔ የሚፈስብኝ መስሎኝ በመፍቻ አጠበቅሁት። ሽማግሌ ምክር አይሰማም።»

አባቴ የት እንደተሳሳትኩ ኮፈኑን እንደከፈቱ ገብቷቸው ኖሯል። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው? ነግረሃቸው ነበር?»

ዕድሜ ልካቸውን «ከምትዋሽ ብትሞት ይሻለኛል» ሲሉኝ የኖሩ አባቴ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ልመና ነበር፤ እሳቸው ሲለምኑ አይቼ አላውቅም።

«አዎ» አልኩ። «ነግሬያቸው ነበር።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው በግራ እጃቸው አውጥተው፣ ሳይጠየቁ ለሊቀመንበሩ ሰጡት።

እንጨቱን ወረታ አራግፎ በተመለሰው በዚያው መኪና ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ አለቀስኩ። «ነገ ክዳኑን ብሳው፤ የሚተካኝም ሾፌር ልጆች አሉት» አሉኝ እንጂ ሌላ አላሉም። በማግስቱ መኪናዋ ወደቆመችበት ወርጄ በሳሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

አባቴ ከዚያ በኋላ መሪ አልጨበጡም። ትከሻቸውም አልዳነ። ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሰው «ክዳን አጥብቀው መኪና ሊገለብጡ የነበሩት እርስዎ ነዎት አይደል?» እያለ ሲቀልድባቸው «እኔው ነኝ፣ ምን ላድርግ፣ እርጅና ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ እንዲህ አሉ። እኔም እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቀን እንኳ «አይደሉም፣ እኔ ነኝ» አላልኩም።